ወገብዎ ድንገት ሲቆለፍ ምን ያድርጉ? ከመጀመሪያው ሰዓት እስከ ሥራ መመለሻው ቀን

«ወገቤን ቀጥ አድርጎ ያዘኝ፤ ልተኛ ወይስ ልታሽ?» ጤፍ በሚታጨድበት በኅዳርና በታኅሣሥ ይህን ጥያቄ ሳልሰማ የምውልበት ቀን የለም። አንዱ ከደንበጫ ይደውላል፣ ሌላዋ ከሞጣ ልጇን ትልካለች፣ አንዳንዱ ደግሞ ሳምንት ሙሉ መደብ ላይ ከተኛ በኋላ በሰው ትከሻ ተደግፎ ይመጣል። ሥራዬ ፊዚዮቴራፒ ነው። ለሁሉም የምመልሰው ተመሳሳይ ስለሆነ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በቅደም ተከተል ጽፌዋለሁ። አብሮዎት ለሚኖር ሰውም ያንብቡለት፤ ሕመሙ ሲይዝ ታማሚው ራሱ ቁጭ ብሎ ማንበብ አይሆንለትም።

ቅደም ተከተሉን አያፋልሱ። መጀመሪያ አደገኛ ምልክት መኖር አለመኖሩን ማጣራት፣ ከዚያ ማስታገስ፣ ከዚያ ሳይቆዩ መንቀሳቀስ ነው።

ወገብ ለምን ይቆለፋል?

የታችኛው ወገብ በ5 አከርካሪዎች የቆመ ነው። በአከርካሪዎቹ መካከል እንደ ትራስ የሚያገለግል ዲስክ አለ፤ ዙሪያውን ጅማትና ጡንቻ ይዘውታል፤ በግራና በቀኝ ወደ እግር የሚወርዱ ነርቮች ይወጣሉ። ድንገት ወገባቸውን ከሚይዛቸው ሰዎች የአብዛኞቹ ችግር ያለው ጡንቻው፣ ጅማቱ ወይም ትንንሾቹ መገጣጠሚያዎች ላይ ነው። ቀኑን ሙሉ ጎንብሶ ያጨደ፣ ባለ 20 ሊትር ጄሪካን በአንድ እጁ ከመሬት መንጭቆ ያነሣ፣ ጆንያ እንደተሸከመ የዞረ ሰው ይገጥመዋል። አንዳንዴ ምጣድ ለማሰስ ጎንበስ ማለት ብቻ ይበቃል፤ ወገቡ የደከመው ቀደም ብሎ ስለሆነ ያቺ አንዲት መጎንበስ ትጨርሰዋለች።

ጡንቻው የተጎዳውን ቦታ ለመከላከል ሲል ጭምድድ ብሎ ይይዛል። «ተቆለፈ» የምንለው ይህንኑ ነው። ሕመሙ ሲበረታ አጥንት የተሰበረ ይመስላል፤ ነገር ግን የሕመሙ ብርታትና የጉዳቱ መጠን እኩል አይሄዱም። ከአልጋ መውረድ ያቃተው ሰው ከሳምንት በኋላ ሲራመድ በተደጋጋሚ አያለሁ።

ሕመሙ ከወገብ ይልቅ እግር ላይ የሚብስ፣ ከመቀመጫ ተነሥቶ በጭን ጀርባ አልፎ ከጉልበት በታች የሚወርድ፣ ሲያስሉና ሲያስነጥሱ የሚወጋ ከሆነ ዲስክ ነርቭ እየነካ ሊሆን ይችላል። ይህም ቢሆን ብዙውን ጊዜ ያለ ቀዶ ሕክምና ይሻላል፤ ሳምንታት ግን ይወስዳል።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- በርጩማ ወይም ዝቅ ያለ ወንበር
- ጋቢ ወይም ሁለት ትራስ
- የማይሰረጉድ ፍራሽ፤ ከሌለ ሰሌን ላይ የተደረበ ብርድ ልብስ
- የጎማ ሙቅ ውሃ መያዣ፤ ከሌለ ወፍራም ፎጣና ሙቅ ውሃ
- አይቡፕሮፌን 400 ሚሊ ግራም (የሚከለክልዎ ነገር ከሌለ፤ ደረጃ 6ን ሳያነቡ አይዋጡ)
- ሰዓት
- ለመጀመሪያው ቀን የሚያግዝዎ አንድ ሰው

ደረጃ 1፦ ምንም ነገር ከመንካትዎ በፊት አደገኛ ምልክቶችን ያጣሩ

ይህን ያስቀደምኩት በምክንያት ነው። በወገብ አጥንት ውስጥ የሚወርደው የነርቭ ጥቅል ሽንትን፣ ሰገራንና በበቅሎ ስንቀመጥ ኮርቻውን የሚነካውን የሰውነት ክፍል ይቆጣጠራል። ትልቅ ዲስክ ይህን ጥቅል ከተጫነው ጉዳዩ የሰዓታት ጉዳይ ነው። አስቸኳይ ቀዶ ሕክምና ካልተደረገ ሽንት መቆጣጠር አለመቻሉና የእግሩ መድከም ዕድሜ ልክ ሊቀር ይችላል። ሽንቷ ተይዞባት ሳለ «ብርድ ነው» ተብላ ሦስት ቀን ቤት የቆየች እናት ገጥማኛለች። ከዚያ ወዲህ የደወለልኝን ሰው ሁሉ መጀመሪያ የምጠይቀው ስለ ሽንቱ ነው።

እነዚህን ሦስት ነገሮች ይፈትሹ፦

ሀ) ሽንትዎ እንደ ወትሮው ይወርዳል? ፊኛው ሞልቶ እምቢ ማለት፣ ወይም ሽንት ወይም ሰገራ ሳይታወቅ ማምለጥ አደገኛ ምልክት ነው።

ለ) ሲታጠቡ በብልትና በፊንጢጣ ዙሪያ፣ በጭን ውስጥ በኩል የእጅዎ ንክኪ ይሰማዎታል? ከደነዘዘ አደገኛ ምልክት ነው።

ሐ) ሰው ደግፎዎት በተረከዝ 10 እርምጃ፣ ከዚያ በእግር ጣት 10 እርምጃ ይሂዱ። ሕመሙ እያስቸገረዎትም ቢሆን እግሩ ከታዘዘ ጥሩ ነው። የእግሩ ፊት አልነሣ ብሎ መሬት ከጎተተ፣ ወይም ሁለቱም እግሮች ከከዱ አደገኛ ምልክት ነው።

ከሦስቱ አንዱ ካለ ሌሊትም ቢሆን ይውጡ። ጤና ጣቢያ የሚቀርብዎ ከሆነ እዚያ ሄደው በአምቡላንስ እንዲልኩዎ ይጠይቁ። በባሕር ዳር ፈለገ ሕይወትና ጥበበ ግዮን፣ በምሥራቅ ጎጃም ደግሞ ደብረ ማርቆስ ያለው ሆስፒታል በሪፈር የሚላኩ ሕሙማንን ይቀበላሉ። ከመንገድ የራቀ ቀበሌ ከሆነ በቃሬዛ ጋድም ብለው እስከ መኪናው ይውሰዱዎ፤ በቅሎ ላይ አይቀመጡ።

ቀጥሎ ያሉት ደግሞ በዚያው ቀን ወይም በማግሥቱ ሐኪም ማየት ያለበትን ሰው ያመለክታሉ፦

- ከዛፍ፣ ከጣሪያ ወይም ከፈረስ ወድቀው የጀመረ ሕመም። በዕድሜ የገፉ እናቶች ላይ ግን ቀላል መውደቅ እንኳ አከርካሪ ሊሰብር ይችላል።
- ትኩሳትና ብርድ ብርድ ማለት።
- የሌሊት ላብ፣ የክብደት መቀነስ፣ ለሳምንታት የቆየ ሳል ወይም ድካም። የአከርካሪ ቲቢ ቀስ ብሎ አጥንቱን ይበላና አንድ ቀን ድንገት ይብሳል። የቲቢ መድኃኒት በመንግሥት ጤና ተቋም በነጻ ስለሚሰጥ በገንዘብ ምክንያት አይዘግዩ።
- ያልፈላ ወተት የሚጠጡ ወይም የጨነገፈች ላም የነኩ ከሆነና ትኩሳቱ መጣ ሄድ የሚል ከሆነ። ብሩሴሎሲስ የሚባለው ከከብት የሚተላለፍ በሽታ ወገብ ላይ ያርፋል።
- ከዚህ በፊት ካንሰር የነበረበት፣ ለረጅም ጊዜ ፕሬድኒሶሎን (የስቴሮይድ መድኃኒት) የወሰደ፣ ወይም የሰውነት መከላከያው የደከመ ሰው።
- ከ50 ዓመት በላይ ሆነው ለመጀመሪያ ጊዜ የያዘዎትና ጋደም ሲሉ የማይቀንስ፣ ሌሊት የሚብስ ሕመም።
- ነፍሰ ጡር ሆነው ሕመሙ በየጊዜው እየመጣ የሚሄድ ከሆነ፤ ምጥ ሊሆን ይችላል። የወር አበባ ቀርቶ ከሆድ ሕመምና ከማዞር ጋር ከመጣ ደግሞ ከማሕፀን ውጭ የተፈጠረ እርግዝና ሊሆን ስለሚችል ሳይጠብቁ ወዲያው ይሂዱ።
- ሽማግሌ ሰው ላይ ከሆድ ወደ ወገብ የሚቀደድ የሚመስል ሕመምና ራስን መሳት። ይህ ከደም ሥር ሊሆን ስለሚችል በዚያችው ሰዓት ይሂዱ።

ደረጃ 2፦ «ኩላሊቴ ነው» ከማለትዎ በፊት ይለዩ

እኛ ዘንድ ወገብ ሲያም ቶሎ አፍ ላይ የሚመጣው ኩላሊት ነው። የጡንቻና የመገጣጠሚያ ሕመም ሲንቀሳቀሱ ይብሳል፣ ምቹ አቀማመጥ ሲያገኙ ይቀንሳል። ታማሚው መነቃነቅ ስለሚፈራ ዝም ብሎ ይተኛል። የኩላሊት ጠጠር በተቃራኒው አያስቀምጥም። ሰውየው ይነሣል፣ ይተኛል፣ ይንከላወሳል። ሕመሙ ከጎድን አጥንት በታች ከአንድ ጎን ተነሥቶ ወደ ብሽሽት ይወርዳል፣ እየመጣ ይሄዳል፣ ያስመልሳል፣ ሽንት ሊቀላ ይችላል። ትኩሳትና ሽንት ሲሸኑ ማቃጠል ከተጨመረ ኢንፌክሽን ሊሆን ይችላል። ሁለቱም የሽንት ምርመራ ስለሚያስፈልጋቸው ጤና ጣቢያ ይሂዱ።

ሌላም አለ። በአንድ ጎን ብቻ እንደ መቀነት ዞሮ የሚያቃጥል ሕመም ይዞዎት ከቀናት በኋላ ውሃ የቋጠረ ሽፍታ ከወጣ አልማዝ ባለጭራ ነው። ሽፍታው በወጣ በ72 ሰዓት ውስጥ መድኃኒት ከተጀመረ የበለጠ ስለሚረዳ አይጠብቁ።

ከእነዚህ አንዱም ካልሆነ ወደ ደረጃ 3 ይለፉ።

ደረጃ 3፦ የሚያሳርፍ አቀማመጥ ይፈልጉ

በጀርባዎ ተኝተው ሁለቱን ባትዎን በርጩማው ላይ ያሳርፉ፤ ዳሌዎም ጉልበትዎም 90 ዲግሪ ይታጠፍ። እግር ሲነሣ ወገብን ወደፊት የሚስበው ጡንቻ ይላላል፣ የተጨመደደውም ቀስ ብሎ ይለቃል። ይህ ካልተስማማዎ በጎን ይተኙና የተጣጠፈ ጋቢ በጉልበቶችዎ መካከል ያድርጉ። በሆድ መተኛት የሚያሳርፈውም አለ፤ ለእርስዎ የሚቀለውን ይምረጡ። በአፍንጫ ወደ ውስጥ፣ በአፍ ቀስ ብለው ወደ ውጭ ይተንፍሱ፤ ትንፋሽ መያዝ ጡንቻውን የባሰ ያጠነክረዋል።

በአንድ ጊዜ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይበቃል።

ደረጃ 4፦ አነሣስና አተኛኘት

ብዙ ሰው ሕመሙ የሚያገረሽበት እዚህ ላይ ነው፤ ስለዚህ ዘለግ አድርጌ እጽፈዋለሁ። ቀጥ ብሎ ከጀርባ መነሣት የተጎዳውን ወገብ በአንድ ጊዜ ያጥፈዋልም ይጠመዝዘዋልም።

ሀ) በጀርባዎ እንደተኙ ሁለቱንም ጉልበት ያጥፉ።
ለ) ትከሻና ዳሌን ሳይነጣጥሉ፣ ግንድ እንደሚንከባለል፣ በጎን ይዙሩ። ትከሻው ቀድሞ ዳሌው ከቀረ ያ ጥምዘዛ ነው።
ሐ) ወደ መደቡ ጫፍ ይጠጉና እግሮችዎን ወደ ታች ያውርዱ።
መ) እግሮቹ ሲወርዱ በላይኛው መዳፍና በታችኛው ክንድ ፍራሹን ገፍተው ይቀመጡ። የሚያነሣዎ እጅዎ እንጂ ወገብዎ አይሁን።
ሠ) ሦስት ጊዜ ተንፍሰው፣ አንድ እግር ትንሽ ወደኋላ አድርገው፣ እጅዎን ጭንዎ ላይ ተጭነው ይቁሙ።

ሲተኙ ይህንኑ ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያው ያድርጉ። የሚተኙት መሬት ላይ ከሆነ በጎን ዞረው በአራት እግርዎ ይቁሙ፣ አንድ ጉልበት ያንሡ፣ ከዚያ በርጩማውን ወይም ወንበሩን ተደግፈው ይነሡ። እጅዎን ይዞ ሊጎትትዎ የሚፈልግ ሰው ካለ ይከልክሉት፤ ጎኑን ሰጥቶ ይቁምልዎና እርስዎ ራስዎ ይደገፉበት።

ስለ ሽንት ቤት መናገር የሚያሳፍር ሆኖ ሰው አይጠይቅም፤ የሚቸገርበት ግን ብዙ ነው። ቁጢጥ ማለት ካልቻሉ የሚይዙት ጠንካራ ቋሚ እንጨት ያስተክሉ፣ ወይም መሐሉ የተፈለፈለ ወንበር ቀዳዳው ላይ ያስቀምጡ። ፈርተው ሰገራ ቢይዙ ድርቀት ይመጣል፤ ማማጥ ደግሞ ወገብን ይጫናል። ውሃ ደጋግመው ይጠጡ።

ደረጃ 5፦ ሙቀት

ከ15 እስከ 20 ደቂቃ፣ በቀን 3 ወይም 4 ጊዜ። ሙቀት የደም ዝውውሩን ያፈጥናል፣ የተጨመደደውን ጡንቻ ያላላል፤ ደረጃ 7 ላይ ያለውን እንቅስቃሴ ከማድረግዎ በፊት ቢይዙት ይቀልልዎታል። ፎጣውን ሙቅ ውሃ ውስጥ ነክረው ይጭመቁ፣ በሌላ ደረቅ ጨርቅ ጠቅልለው ወገብዎ ላይ ያድርጉ። የሃይላንድ ጠርሙስ የሚጠቀሙ ከሆነ እጅ የሚያስችል ሙቅ ውሃ ብቻ ይሙሉበት፤ የፈላ ውሃ ፕላስቲኩን ያጣምመውና ይፈሳል።

ማስጠንቀቂያ፦ ስኳር ያለበት ወይም ቆዳው የደነዘዘ ሰው ሙቀቱ ሲያቃጥለው ላይሰማው ይችላል፤ ሌላ ሰው በእጁ ይለካለት። ሙቀቱን ይዘው አይተኙ።

ደረጃ 6፦ የሕመም ማስታገሻ

አይቡፕሮፌን 400 ሚሊ ግራም፣ ምግብ በልተው፣ በየ8 ሰዓቱ አንድ። ያለ ሐኪም ትእዛዝ በቀን ከ1200 ሚሊ ግራም አይለፉ፣ ከ5 ቀንም አያስረዝሙ። ዓላማው ሕመሙን አደብዝዞ እንዲንቀሳቀሱ ማስቻል ነው፤ ጉዳቱን የሚያድነው ሰውነትዎ ነው።

የጨጓራ ቁስለት፣ የኩላሊት፣ የልብ ወይም የደም ግፊት ሕመም ካለብዎ፣ አስም ካለብዎ፣ ደም ማቅጠኛ የሚወስዱ ወይም ነፍሰ ጡር ከሆኑ አይውሰዱት። ያኔ ፓራሲታሞል 500 ሚሊ ግራም ሁለት ፍሬ በየ6 ሰዓቱ ይወሰዳል፤ በ24 ሰዓት ከ8 ፍሬ አይበልጥም። ጉበቱ የታመመ ወይም አረቄ የሚያዘወትር ሰው ግን ይህን ያህል መውሰድ የለበትም፤ ባለሙያ ይጠይቅ።

ጾም ላይ ከሆኑ በባዶ ሆድ አይዋጡ። በሁዳዴ እስከ 9 ሰዓት የሚጾሙ ሰዎች ጠዋት ዲክሎፌናክ ውጠው ጨጓራቸው ደምቶ ይመጣሉ። ከምግብ በኋላ አንዱን፣ ማታ ከእራት በኋላ አንዱን ቢወስዱ ይሻላል፤ ካልበቃዎ ለታመመ ሰው ስለሚፈቀደው የንስሐ አባትዎን ያማክሩ። ዲክሎፌናክና አይቡፕሮፌን አንድ ቤተሰብ ስለሆኑ አይደራረቡም።

ደረጃ 7፦ በዚያው ቀን መራመድ ይጀምሩ

ነቅተው ባሉበት ሰዓት ሁሉ በየሰዓቱ ተነሥተው 5 ደቂቃ በግቢው ውስጥ ይሂዱ። ቀስ ይበሉ፣ አይጎንበሱ፣ ዱላ መያዝ ያቀልልዎት ከሆነ ይያዙ። በማግሥቱ 10 ደቂቃ ያድርጉት። ትንሽ ማመሙ ጉዳት አይደለም፤ ሕመሙ በእንቅስቃሴው ጨምሮ ተመልሶ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ወደ ነበረበት ከወረደ መጠኑ ትክክል ነው። እስከ ማግሥቱ ካቆየዎት አብዝተዋል፤ በግማሽ ይቀንሱ።

ጡንቻ ካልተሠራበት በቀናት ውስጥ መድከም ይጀምራል፣ መገጣጠሚያውም ይደርቃል። አንድ ሳምንት የተኛ ሰው ሁለት ችግር ይዞ ይነሣል፦ የመጀመሪያውን ሕመምና መተኛቱ ያመጣውን ድካም።

ከ2ኛው ወይም ከ3ኛው ቀን ጀምሮ፣ ጠዋትና ማታ፣ እነዚህን ይጨምሩ፦

- በጀርባ ተኝተው ጉልበት አጥፈው፣ ወገብዎን ወደ ፍራሹ ተጭነው 5 ሰከንድ ይዘው መልቀቅ፤ 10 ጊዜ።
- እንደዚያው ሆነው ሁለቱን ጉልበቶች አንድ ላይ ወደ ግራና ወደ ቀኝ በትንሹ ማወዛወዝ፤ 10 ጊዜ።
- አንድ ጉልበት በሁለት እጅ ይዘው ወደ ደረት መሳብ፣ 10 ሰከንድ ይዘው መልቀቅ፤ በየተራ 5 ጊዜ።

ሕመምዎ ወደ እግር የሚወርድ ከሆነ ጉልበት መሳቡን ይተዉትና በሆድዎ ተኝተው በክርንዎ ተደግፈው ለ2 ደቂቃ ይቆዩ። ከባት ወደ ጭን፣ ከጭን ወደ ወገብ እየተሰበሰበ ከመጣ፣ ወገቡን ቢብሰውም ጥሩ ምልክት ነው። ወደ እግር ጣት እየራቀ ከወረደ ያቁሙት።

ብዙዎች የሚሠሩት ስህተት

በወገብ ላይ ሰው ማስረገጥ። ልጅ ቢሆንም አይቆምብዎ። አከርካሪው በቲቢ የተበላ ወይም የተሰነጠቀ ከሆነ ሕብለ ሰረሰሩ ሊጎዳ ይችላል፤ ከውጭ ደግሞ አይታወቅም። ለዚሁ ምክንያት ወጌሻ ዘንድ ሄደው በኃይል መታሸትና መጎተት ከመጀመሪያዎቹ ቀናት ይቅር። የወጌሻዎችን እጅ አልንቅም፤ ነገር ግን ደረጃ 1ን ሳያጣራ የሚጎትት እጅ አደገኛ ነው። በመዳፍ ቀለል አድርጎ በቅባት ማሸት አይጎዳም።

«መርፌ ካልተወጋሁ አይለቀኝም» ማለት። በአፍ መዋጥ ለሚችል ሰው መርፌው ከኪኒኑ የበለጠ አያድነውም። መቀመጫ ላይ ቦታውን ስቶ የተወጋ መርፌ ደግሞ ወደ እግር የሚወርደውን ትልቁን ነርቭ ሊጎዳ ይችላል።

ወዲያው ኤክስሬይ ወይም ኤምአርአይ መፈለግ። ኤክስሬይ ጡንቻም ዲስክም አያሳይም። ኤምአርአይ ምንም ሕመም የሌለበት ሰው ላይ እንኳ ያበጠ ዲስክ ያሳያል። አደገኛ ምልክት ከሌለ በመጀመሪያዎቹ 6 ሳምንታት ሁለቱም ሕክምናውን አይለውጡትም፤ ገንዘብዎን ይያዙ።

መቀነት አጥብቆ ቀንና ሌሊት መዋል። ለመንገድ ወይም ለአጭር ሥራ ቢያስሩት ያበረታል፤ ሲተኙና ሲያርፉ ይፍቱት።

ሕመሙ በለቀቀ ማግሥት ወደ ማጭድ መመለስ። በሦስተኛው ሳምንት ተመልሰው የሚመጡት እነዚህ ናቸው።

ደረጃ 8፦ ወደ ሥራ መመለስ

ያለ ድጋፍ ለ30 ደቂቃ መራመድና ጫማዎን ራስዎ ማጥለቅ ሲችሉ ቀለል ያለ ሥራ ይጀምሩ። ሙሉ በሙሉ እስኪሻልዎ መጠበቅ አያስፈልግም።

ውሃ የሚቀዱ ከሆነ ባለ 20 ሊትሩን ትተው ሁለት ባለ 5 ሊትር በሁለት እጅ ይያዙ፤ ክብደቱ ግራና ቀኝ እኩል ይሆንና ወገብ አይጣመምም። ከመሬት ሲያነሡ ተጠግተው ጉልበትዎን ያጥፉ፣ ዕቃውን ከሆድዎ ያስጠጉ፣ ከተነሡ በኋላ በእግርዎ እንጂ በወገብዎ አይዙሩ። ሲያጭዱ በየ20 ደቂቃው ቀና ብለው እጅዎን ወገብዎ ላይ አድርገው 5 ጊዜ ወደኋላ ይለጠጡ፤ ለወገብ ከባዱ መጎንበሱ ሳይሆን ሳይቀኑ መቆየቱ ነው። እንጀራ የሚጋግሩ እናቶች ምጣዱን በጉልበት ከፍታ ላይ ቢያስቀምጡትና በርጩማ ላይ ቢቀመጡ ጫናው ይቀንሳል። ስግደት እስኪሻልዎ ይቆይ፤ ቅዳሴ ላይ በመቋሚያ ተደግፈው እግር እየቀያየሩ ይቁሙ።

መቼ እንደገና ይታዩ?

አብዛኛው ሰው ከ2 እስከ 6 ሳምንት ውስጥ ይሻለዋል። በ2 ሳምንት ምንም ለውጥ ከሌለ፣ ወይም የእግሩ ሕመም እየባሰ ከሄደ ጤና ጣቢያ ይሂዱ። 6 ሳምንት ካለፈ ሆስፒታል መመርመር አለበት። ከደረጃ 1 ሦስቱ ምልክቶች አንዱ በማንኛውም ቀን ብቅ ቢል ይህ ሁሉ ቀጠሮ ይሰረዝና ወዲያውኑ ይሂዱ።

ሲሄዱ በወረቀት ጽፈው የሚይዙት፦ ሕመሙ የጀመረበት ቀንና ምን ሲሠሩ እንደያዘዎ፣ ወደ የትኛው እግር እስከ የት እንደሚወርድ፣ ሽንትዎ እንዴት እንደሆነ፣ ትኩሳት ወይም የሌሊት ላብ መኖሩ፣ የወሰዱት መድኃኒት ስምና ስንት ፍሬ እንደዋጡ። ባዶ የመድኃኒት ማሸጊያውንም አይጣሉ፤ ይዘውት ይሂዱ።